የጀርባው ቁጥርና የውስጡ ሞተር

ቁጥርም እንደ ቃል ከዘመን ጋር ትርጉሙ ይሸሸዋል። ለዚህ ምስክር የምጠራው ከመኪና ጀርባ የሚለጠፈውን ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ቢኤምደብልዩ 328 ብሎ የጻፈበት መኪና፣ እውነትም ባለ 2.8 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ነበረው። ጽሑፉ ቃሉን ያከብር ነበር።

አሁን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ለገበያ የቀረበውን ባለ ሁለት በር 4 ሲሪየስ ተመልከቱ። 420ውም ሆነ 430ው የያዙት ባለ 2 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ነው። ልዩነቱ የቅኝት ነው፤ ሲወጡ ያንደኛው ጉልበት 184 ፈረስ፣ የሌላኛው 258 ነበር። ከቤንዚኖቹ መካከል፣ ኃይለኛውን ኤም4 ትተን፣ ሦስት ሊትርና ስድስት ሲሊንደር የሚገኘው በኤም440 ነው፤ እርሱም 374 ፈረስ።

ገዢውን የሚፈትነው ጌጡ ነው። ኤም ስፖርት የተሰኘው ዝግጅት ፓራውልቱን፣ መሪውንና ቸርኬውን ለውጦ 420ውን የታላቅ ወንድሙ መንታ ያስመስለዋል። ለሞተሩ ግን አንዲት ፈረስ አይጨምርለትም። ለብዙ ዓመታት ባጠራቀመው ገንዘብ ይህን መኪና ሊገዛ የተነሣ ሰው ቢያማክረኝ፣ ጌጡ ይቅር፣ ሞተሩ ይቅደም እለዋለሁ። ወንበር በኋላ ይለበጣል፣ ቸርኬም ይቀየራል፤ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ሞተር የሚለውጥ ግን ማን ነው? እኔ ብሆን ካጌጠ አዲስ 430 ይልቅ ጥቂት ዓመት ያገለገለ ኤም440 እወስዳለሁ።

ምክንያቴ ፍጥነት ብቻ አይደለም። በአንድ መደዳ ከተሰለፉ ስድስት ፒስተኖች አንዱ የሚፈጥረውን መናወጥ ሌላው ያጠፋዋል። ባለ አራቱ ግን ንዝረቱን የሚያበርዱለት ተጨማሪ ሚዛን ጠባቂ ዘንጎች ያስፈልጉታል። የስድስቱ ልስላሴ ቀስ ተብሎ ሲነዳም ይታወቃል፤ በሻጩ ዝርዝር ወረቀት ላይ ግን ቦታ የለውም። (ስለ ግዙፉ የፊት ፍርግርግ ዝም ማለትን መርጫለሁ።)

ጠዋትና ማታ በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ለሚውል ሰው 430 ይበቃዋል፤ ያውም በትንሹ ቸርኬና በወፍራሙ ጎማ፣ ጉድጓድን የሚችለው እርሱ ነውና። 420ውን በኤም ልብስ ለመግዛት ግን ጥብቅና አልቆምም።

ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ ነድታችሁ አወዳድሩ። ድምፁን ለመዳኘት ሲሆን ሌላ ሰው ሞተሩን ያስነሣላችሁና እናንተ ውጭ ቁሙ፤ ውስጥ የሚሰማው በድምፅ ማጉያ የታገዘ ነው።