ጎርፍን በኮምፒውተር መፈተን፦ የሲሙሌሽን ሶፍትዌር ለምህንድስና ተማሪዎች ምን ያስተምራል?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኤፕሪል 16 ቀን 2024 የተባበሩት አረብ ኤሚሬቶች መረጃ መመዝገብ ከተጀመረበት ከ1949 ወዲህ እጅግ ከባድ የሆነውን ዝናብ አስተናገደች። በአል ዐይን አካባቢ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ 254 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጣለ፤ የዱባይና የሻርጃህ ጎዳናዎችም በውሃ ተዋጡ። ዱባይ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር 30 ቢሊዮን ድርሃም የሚፈጀውን «ተስሪፍ» የተሰኘ የዝናብ ውሃ ማስወገጃ ፕሮጀክት አጸደቀች፤ ፕሮጀክቱ በ2033 ይጠናቀቃል ተብሎ ይጠበቃል።

እንዲህ ያለውን መረብ ነገ የሚነድፉትና የሚጠግኑት በ1988 በተመሠረተው አጅማን ዩኒቨርሲቲ፣ በ1997 በተቋቋመው የሻርጃህ አሜሪካን ዩኒቨርሲቲና በዱባይ የትምህርት ተቋማት የሚማሩ ወጣቶች ናቸው። ተማሪ ከተማን በእውነተኛ ጎርፍ መፈተን አይችልም። በሲሙሌሽን ሶፍትዌር ግን የቱቦውን ስፋትና የመሬቱን ተዳፋት እየለዋወጠ ውሃው የት እንደሚተኛ ያያል፤ ስህተቱም ገንዘብም ሆነ ሕይወት አያስከፍልም።

ይሁንና ሶፍትዌሩ የሚያሰላው የተሰጠውን ብቻ ነው። በአሥር ዓመት አንዴ የሚጥል ዝናብ የተሰጠው ሞዴል፣ በመቶ ዓመት አንዴ ስለሚመጣው ምንም አይናገርም። ለዚህ የኖርዌይ ታሪክ ምስክር ነው። በነሐሴ 1991 «ስሌይፕነር ኤ» የተባለው የባሕር ላይ ነዳጅ ማውጫ የኮንክሪት መሠረት በሙከራ ላይ ሳለ ሰጠመ። የኮምፒውተር ሞዴሉ በግድግዳዎቹ ላይ የሚያርፈውን ቆራጭ ኃይል በ47 በመቶ አሳንሶ ገምቶት ነበር። ከአደጋው በኋላ በጥንቃቄ የተሠራው ስሌት መሠረቱ በ62 ሜትር ጥልቀት እንደሚሰበር አመለከተ፤ በእርግጥ የተሰበረው በ65 ሜትር ነበር። ጉድለቱ ከመሣሪያው ሳይሆን ከአጠቃቀሙ እንደነበር ይህ ያሳያል።

አስቀድሞ በአምሳያ መፈተን ለሙስሊሙ ዓለም እንግዳ አይደለም። የሜካኒካል መሣሪያዎች መጽሐፉን በ1206 ያጠናቀቀው አል ጀዘሪ ንድፎቹን በወረቀት አምሳያ ይፈትን ነበር።

ዛሬ ዋጋም ሰበብ አይሆንም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የዝናብ ውሃ ፍሰት ማስያ ሶፍትዌርና «ኦፕን ፎም» በነጻ ይገኛሉ። በሻርጃህም ሆነ በየክረምቱ ጎርፍ በሚያሰጋት አዲስ አበባ ያለ ተማሪ ሊጠቀምባቸው ይችላል። በነጻ የማይገኘው የአካባቢው አስተማማኝ የዝናብ መዝገብና «መጀመሪያ በእጅህ አስላ» የሚል መምህር ነው። ስለዚህ የተማሪው ብቃት መለካት ያለበት በስክሪኑ ላይ ባለው ባለቀለም ምስል ሳይሆን፣ ያስገባውን እያንዳንዱን ቁጥር ከየት እንዳመጣው ማስረዳት በመቻሉ ነው።