የማንኪያዋ ድምፅ

ድምፅ አልባው ሲኒማ ሲያከትም ስንቱ ዝነኛ ተዋናይ በገዛ ድምፁ ምክንያት ከእንጀራው ተፈናቀለ! ሮናልድ ኮልማንም በ1929 እ.ኤ.አ. «ቡልዶግ ድራሞንድ» በተባለው ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲናገር ይኸው አደጋ ተደቅኖበት ነበር። ታዲያ ፊልሙ በምን ይጀምራል ትላላችሁ? በዝምታ! በለንደን የጌቶች ክበብ ውስጥ አሳላፊው አንዲት ማንኪያ ቢጥል፥ አንድ ሽማግሌ ጫጫታው በዛ ብለው ይቆጣሉ።

ድራሞንድ ከጦርነት የተመለሰ ሀብታም መኮንን ነው። ሥራ መፍታት ቢያንገሸግሸው ጀብዱ እፈልጋለሁ ሲል በጋዜጣ ያስታውቃል። (እኛ ደመወዝተኞችማ ጠዋት የፊርማ ሰዓት እንዳያልፍብን ስንሮጥ ጀብዱው ያለ ማስታወቂያ ይመጣልናል።) ወንበዴዎች አጎቷን በእብዶች ሆስፒታል የዘጉባት ልጃገረድ ትጽፍለታለች። የቀረው ሴራ ተራ ነው፤ ኮልማን ግን ሞት ፊቱ ቆሞ እንኳ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው በጨዋነት ይቀልዳል። ድምፁ ተወደደለት፥ ለኦስካርም ታጨ። ሽልማቱን የጨበጠው ግን በ1948 እ.ኤ.አ. በሌላ ፊልም ነው።