እንሰቱንም አንቀጹንም የሚያውቅ ሰው ማን ያሳድግልን?

የአካባቢ ጥበቃ ሕግ አላነሰንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ1995 ዓ.ም. የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ (ቁጥር 299) እና የብክለት ቁጥጥር አዋጅ (ቁጥር 300) ወጡ። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482 ተከተለ። የደን፣ የዱር እንስሳትና የደኅንነተ ሕይወት አዋጆችም አሉን። ወረቀቱ ሞልቷል።

ያነሰን ወረቀቱን ከቅጠሉ፣ ከአፈሩና ከወንዙ ጋር አገናኝቶ የሚያነብ ሰው ነው።

ዕፅዋት የሚያጠና ተመራማሪ አዋጅ ሲጠቀስበት «ይሄ የሕግ ሰዎች ጉዳይ ነው» ይላል። የሕግ ባለሙያው በበኩሉ የላቦራቶሪ ውጤት ፊቱ ሲቀመጥ «ይሄ የባለሙያ ጉዳይ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እንደየሙያቸው ሁለቱም አልተሳሳቱም። በመሃል ግን ዘሩም፣ ውሃውም፣ የዘሩ ባለቤት የሆነው ገበሬም ጠበቃ ያጣሉ።

ጉዳዩ እኛን የወልቂጤና የቡታጅራ ሰዎችን ለምን እንደሚመለከተን እመጣበታለሁ። በቅድሚያ ሁለቱን ዓለም በአንድ ዕድሜ ያገናኙ አንድ ሰው ላስታውሳችሁ።

ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር በ1932 ዓ.ም. ዓድዋ አካባቢ ተወለዱ። የተማሩት ዕፅዋት ነው፤ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙትም ዌልስ ውስጥ ከሚገኘው የባንጎር ዩኒቨርሲቲ ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን፣ ኋላም የአሥመራ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። የኢትዮጵያን ዕፅዋት አንድ በአንድ ለይቶ በመጽሐፍ ያሰፈረውን ትልቅ ሥራ ከመሩት አንዱ እሳቸው ናቸው። በዚያው ቢቀጥሉ የተከበሩ የዕፅዋት ሊቅ ሆነው ያልፉ ነበር።

እሳቸው ግን አልቆሙም። ዘሩን ብቻ አውቆ ዘሩ በማን ስም እንደሚመዘገብ አለማወቅ የት እንደሚያደርስ ስለገባቸው ወደ ድርድር ጠረጴዛ ሄዱ። የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን እየመሩ፣ የአፍሪካና የታዳጊ አገሮች ተደራዳሪ ሆነው ዘረመላቸው ስለተለወጠ ሕያዋን በተደረገው ክርክር ዋና ድምፅ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በጥር 2000 ሞንትሪያል ላይ የጸደቀው የካርታኼና ፕሮቶኮል የዚያ ክርክር ፍሬ ነው። የማኅበረሰብን፣ የገበሬንና የዘር አዳቃይን መብት የሚመለከተው የአፍሪካ ሞዴል ሕግም የእሳቸው አሻራ አለበት። ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት በዚያው በ2000 ነው። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ከእሳቸው ሐሳብ ጋር የማይስማማ ብዙ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣውን የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655 «ምርምር ያሰረ» ያሉ ሳይንቲስቶች ነበሩ፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 896 ተሻሽሎ ላላ። መከራከር ደግ ነው። አስቸጋሪው ነገር ሌላ ነው። አንድ አገር ሁለቱን ቋንቋ የሚናገር ሰው አንድ ብቻ ሲኖራት ክርክሩ ከሐሳቡ ወርዶ በሰውየው ላይ ይሆናል። እሱ ሲያልፍ ደግሞ ወንበሩን የሚረከብ አይገኝም።

ይህ ጉድለት ምን እንዳስከፈለን የጤፍ ታሪክ ይመሰክራል። በ1997 ዓ.ም. የያኔው የብዝሃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩት ኤችፒኤፍአይ ከሚባል የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ፈረመ። ኩባንያው የኢትዮጵያን ጤፍ ይጠቀማል፣ ጥቅሙንም ያካፍላል ተባለ። ውሉ በጤፍ ጄኔቲክ ሀብት ላይ የባለቤትነት መብት መጠየቅን ይከለክላል። በር የተዘጋ ይመስል ነበር። ኩባንያው ግን ቀድሞ ያመለከተው ፓተንት በዘሩ ላይ ሳይሆን በዱቄቱና በአዘገጃጀቱ ላይ ነበር፤ አውሮፓ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ2007 ተሰጠው። የፓተንቱ ፍሬ ነገር ጤፉ ከታጨደ በኋላ ጥቂት ከርሞ ሲፈጭ ዱቄቱ ለመጋገር የተሻለ ይሆናል የሚል ነው። የከረመ እህል ከአዲሱ የተለየ ጠባይ እንዳለው የትኛዋ እናት ናት የማታውቀው?

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰረ። ለኢትዮጵያ የደረሳት ገንዘብ ወደ 4,000 ዩሮ ብቻ ነው። ፓተንቱ ወደ ሌላ ኩባንያ ተላለፈ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ የፈጠራ ብቃት የለውም ብሎ ወሰነ። እኛም ደስ አለን፣ ተጨባበጥን። ነገር ግን ክርክሩ በሁለት የኔዘርላንድስ ኩባንያዎች መካከል ነበር። ከከሳሹም ከተከሳሹም ወገን አልነበርንም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል እንዲህ ያለውን።

ውሉ ሲረቀቅ ከጠረጴዛው ዙሪያ «ዘሩን ዘግታችኋል፤ ዱቄቱስ? ከአጨዳ እስከ ወፍጮ ያለው ዕውቀትስ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ! ጥያቄው ግማሹ ባዮሎጂ፣ ግማሹ ሕግ ነው። አንዱን ብቻ የተማረ ሰው አይመጣለትም።

አሁን ወደ ጓሯችን እንመለስ። ነገ የጤፍን ዕጣ ሊከተል የሚችለው እንሰት ነው።

የዱር እንሰት በብዙ የአፍሪካ አገሮች ይበቅላል። አልምቶ ምግብ ያደረገው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ነው፤ 20 ሚሊዮን ያህል ሕዝብም ኑሮውን በእሱ ላይ ደግፏል። ቆጮው፣ ቡላውና አሚቾው የገበታችን ነገር ነው። የትኛው ዝርያ ለተሰበረ አጥንት፣ የትኛው ለቃጫ፣ የትኛው ለጥሩ ቆጮ እንደሚሆን የሚያውቁት የጉራጌ እናቶች ናቸው። አስታራና ጓርየ የሚሉት ስሞች በቃል ተላልፈው የመጡ የዘር መዝገብ ናቸው።

ይህን ሀብት የአጠውልግ በሽታ እያወደመው ነው። ባክቴሪያው ከተክል ወደ ተክል ከሚተላለፍባቸው መንገዶች አንዱ ያልጸዳ ቢላዋ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ሙዝ ላይ የገባውም ይኸው በሽታ ነው፤ በዚያ ሳይንቲስቶች ከቃሪያ የተወሰደ ዘረመል ወደ ሙዝ አስገብተው በሽታውን የሚቋቋም ተክል ሠርተዋል። ይኸው ዘዴ በእንሰት ላይ እየተሞከረ ነው። እኔ ምርምሩን አልቃወምም። ጓሮው የጠወለገበት ገበሬ መፍትሔ ይፈልጋል።

ጥያቄዬ ሕጉን የሚጽፈው ማን ነው የሚል ነው። እንደ በቆሎ ላሉ ሰብሎች የሚወጣ የጥንቃቄ መመሪያ ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ስለ አበባ ብናኝ ነው፤ በማሳዎች መካከል ይህን ያህል ሜትር ይራቅ ይላል። እንሰት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳያብብ ይፋቃል። የሚራባው ከአምቾው በሚፈላ ችግኝ ነው። ችግኙ በንፋስ አይሄድም፤ በገበያ ይሄዳል፣ በጎረቤት ስጦታ ይሄዳል፣ ከዘመድ ዘመድ ይሄዳል። በሜትር የተለካ ክልከላ ለእንሰት ትርጉም የለውም። ይህን ሳያውቅ የሚረቀቅ መመሪያ ለሌላ ተክል የተጻፈ መመሪያ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ይብሳል። በአዋጅ ቁጥር 482 መሠረት መንግሥት ከጄኔቲክ ሀብት ከሚያገኘው የገንዘብ ጥቅም 50 በመቶው የማኅበረሰቡ ነው። የትኛው ማኅበረሰብ? አንድ የእንሰት ዝርያ በጉራጌ አንድ ስም፣ በሀዲያ ሌላ ስም፣ በከምባታ ሦስተኛ ስም ሊኖረው ይችላል። አንድ ስምም ሁለት የተለያዩ ተክሎችን ሊጠራ ይችላል። ባለመብቱን ለመለየት ዘረመሉን የሚያነብ፣ የእናቶቹን ምስክርነት የሚቀበል፣ አንቀጹንም የሚተረጉም ሰው ያስፈልጋል። ሦስቱ ሥራዎች ሦስት ቢሮ ተበትነው ከቀሩ 50 በመቶው በወረቀት ላይ እንደሰፈረ ይኖራል።

ከዘር ወጥተን መሬት ላይ ብንመጣም ያው ነው። ጀፎረን ተመልከቱ። በመንደሩ መሃል የሚያልፈው ያ ሰፊ አረንጓዴ መንገድ የግጦሽ መስክ፣ የሠርግና የለቅሶ ሜዳ፣ የሽማግሌ አደባባይ ነው። ማንም አያጥረውም፣ ማንም አያርሰውም፤ በየጆካ ቂጫ የሚዳኘው የሰባት ቤት ጉራጌ ያውቀዋል። የክስታኔው የጎርደና ሴራም እንዲሁ የራሱ ሥርዓት አለው። ከተማው ሲሰፋና ማስተር ፕላን ሲወጣ ግን ጀፎረ ምን ተብሎ ይመዘገባል? መንገድ? ክፍት ቦታ? የወል ይዞታ? ሣሩ ስንት ውሃ ወደ መሬት እንደሚያሰርግ የሚያሳይ ጥናትና የቂጫውን ቃል በአንድነት ይዞ ማዘጋጃ ቤት የሚገባ ሰው ከሌለ መልሱን የሚሰጠው ዶዘሩ ነው።

ውሃውም ቢሆን ወሰን አያከብርም። ከጉራጌ ተራሮች ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ዝናብ በመቂ ወንዝ አድርጎ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል፤ ወደ ምዕራብ የሚወርደው በዋቤ አድርጎ ጊቤን ይቀላቀላል። ቡታጅራ ጀርባ ያለ ቁልቁለት ሲራቆት ሌላ ክልል ያለ ዓሣ አጥማጅ ይጎዳል። ማን ማንን ይጠይቅ? ይህም ግማሹ የተፋሰስ ሳይንስ፣ ግማሹ የፌዴራል ሕግ ነው።

«ሁለት ሙያ የያዘ አንዱንም አያጠልቅም» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ሁሉም ሰው ሁለት ዲግሪ ይኑረው አላልኩም። ዶክተር ተወልደብርሃንም መሠረታቸው አንድ ነበር፤ ከዚያ ተነሥተው ሌላውን ተማሩ። ከ100 ተመራቂ ሁለት ሦስቱ ይህን መንገድ ቢይዙ ይበቃል። «ሥራስ የት አለ?» የሚለው ጥያቄ ይከብዳል። የቅጥር ማስታወቂያዎቻችን አንድ የትምህርት መስክ ጠርተው ሌላውን በር ላይ ይመልሳሉ። ወጣቱ ይህን እያየ ለምን ይድከም?

አይቻልም የሚለውን ግን አልቀበልም። ማስረጃውም እዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ሰዎች ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር የቡታጅራን የገጠር ጤና ፕሮግራም ጀመሩ። በ10 ቀበሌዎች ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ እያሉ ቤት ለቤት ዓመታት ቆጠሩ። ከዚያ የተገኘው መረጃ በዓለም የታወቀ ነው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም እዚያው አድገዋል። ሰውን ለመቁጠር የበቃች ቡታጅራ እንሰትን ለመቁጠር ምን ያንሳታል?

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። ጉብሬ ላይ ያለው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የሕግና የባዮሎጂ ተማሪዎቹን በአንድ የመስክ ኮርስ ያገናኛቸው፤ ርዕሱ እንሰት፣ ክፍሉ የገበሬው ጓሮ ይሁን። የየጆካና የጎርደና ሽማግሌዎች፣ ቆጮ የሚፍቁ እናቶችም በመምህርነት ይጋበዙ፤ አበልም ይከፈላቸው። ተማሪዎቹ በየዓመቱ አንድ ወረዳ ይዘው የዝርያዎቹን ስም፣ አጠቃቀምና ባለቤት በማኅበረሰቡ ፈቃድ ይመዝግቡ። ዞኖቹም ለአካባቢ ጥበቃ ቢሮዎቻቸው ሲቀጥሩ ይህን ኮርስ የወሰደውን ከበር አይመልሱት።

ይህ ሁሉ የአንድ መኪና ነዳጅና የጥቂት ሰዎች ፈቃደኝነት እንጂ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ነገ አንድ ኩባንያ የቡላ ዱቄት አዘገጃጀትን በስሙ አስመዝግቦ ቢመጣ «ይሄ የኛ ነው፣ ማስረጃውም ይኸው» ብሎ መዝገብ የሚያወጣ ሰው ዛሬ አንደኛ ዓመት ላይ መሆን አለበት።

ከእናንተ መካከል የሕግ ወይም የባዮሎጂ መምህር የሆናችሁ ካላችሁ፣ ከሌላው ትምህርት ክፍል ባልደረባችሁ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ስለ ሥራ የተነጋገራችሁት መቼ ነው? መልሳችሁን ከታች ጻፉልኝ።