ወረዳው ሲሰበሰብ እኛ የት ነን?

በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ምግብ ቤቱ ወረፋ፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ የመዝጊያ ሰዓት፣ ስለ ማስተማር ልምምድ ብዙ ተጽፏል። ይጻፍ፣ ጥሩ ነው። ነገር ግን ከዚህ ግቢ ስንወጣ ኑሯችንንና ሥራችንን ስለሚወስነው ስለ ወረዳ ምክር ቤት ብዕሩን ያነሣ ሰው አላየንም። በበኩላችን ይህ ጉዳይ ዝም ተብሎ መታለፍ የለበትም ብለን ስለምናምን፣ የተከበሩ መምህሮቻችንና ጓደኞቻችን ለጥቂት ደቂቃ ቆም ብለው እንዲያነቡን እንጠይቃለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ዕጩ መምህራን ተመርቀን ስንመደብ ቀጣሪያችን ሩቅ ያለ ሚኒስቴር አይደለም፤ ወረዳ ነው። ደመወዛችን ከወረዳው ካዝና ይወጣል። ዝውውር ስንጠይቅ ማመልከቻችን መጀመሪያ የሚያርፈው በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ጠመኔው፣ ዴስኩ፣ የክፍሉ ቆርቆሮ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚያደርሰው መንገድ ሳይቀር አንድ ቀን በአንድ አዳራሽ ውስጥ እጅ ተነሥቶባቸዋል፣ ወይም እጅ ሳይነሣባቸው ቀርቷል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫ እንዳለው በሁለተኛ ደረጃ ሸምድደን ተፈትነናል። የወረዳ በጀት ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ግን ማን ጠየቀን?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4፣ ሕዝቡ በቀጥታ መሳተፍ ይችል ዘንድ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋል። ይህ ቃል በገንዘብ መደገፍ የጀመረው በ1994 ዓ.ም. ግድም ነው። በዚያን ጊዜ በመጀመሪያ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው የደቡብ ክልል ጥቅል የበጀት ድጎማ በቀጥታ ለወረዳ ይሰጥ ጀመር። ክልሉ እንደ ሕዝብ ብዛት ያሉ መመዘኛዎችን በያዘ ቀመር ለየወረዳው ያከፋፍላል፤ ወረዳውም ከገጠር መሬት መጠቀሚያ፣ ከእርሻ ሥራ ገቢና ከነጋዴው የሚሰበስበውን ይጨምርበታል። ገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ያሰናዳዋል፣ ካቢኔው ይከራከርበታል፣ ምክር ቤቱ ያጸድቀዋል። ሐምሌ 1 ቀን አዲሱ የበጀት ዓመት ይገባል።

የስብሰባው ውሎ ለሰሚ እንቅልፍ የሚያመጣ ነው፤ አንዋሽም። አፈ ጉባዔው ምልዓተ ጉባዔ መሟላቱን ያስታውቃሉ። ያለፈው ቃለ ጉባዔ ይነበባል። የአስተዳዳሪው ሪፖርት ይቀርባል፣ እሱም የዋዛ አይደለም፤ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን፣ ይህን ያህል ሺህ ችግኝ፣ ይህን ያህል ኩንታል ማዳበሪያ እየተባለ የሻይ ሰዓት ይደርሳል። ከሻይ በኋላ የፍርድ ቤቱ ሪፖርት አለ። በጀቱ ብዙ ጊዜ ሰው ሁሉ ከደከመ በኋላ ይመጣና «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ተብሎ ይጨበጨባል። እንግዲህ ጉዳያችን ያለው እዚያች የድካም ሰዓት ላይ ነው።

ከመካከላችን አንዱ ካደገበት ወረዳ አንድ ምሳሌ እናምጣ፤ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም። ሕዝቡ ድንጋይ ተሸክሞ፣ እንጨት ቆርጦ፣ በየቤቱ ገንዘብ አዋጥቶ የሁለት መማሪያ ክፍል ግድግዳ አቆመ። ቆርቆሮና ምስማር ወረዳው ሊያቀርብ ተነጋግረው ነበር። በጀቱ ሲጸድቅ ግን የቆርቆሮው ነገር አልተነሣም። የቀበሌው ተወካይ ያን ቀን በሐዘን ምክንያት ቀርተዋል፤ ርእሰ መምህሩ ስብሰባው መኖሩን የሰሙት ካለቀ በኋላ ነው፤ ወላጆችም የሚያውቁት ነገር የለም። በኋላ ሲጠየቅ የተገኘው መልስ «በሚቀጥለው በጀት ዓመት ይታያል» የሚል ነው። ሁለት ክረምት ዘነበበት። ጭቃው ፈርሶ ማገሩ ብቻ ሲቀር፣ የአንደኛ ክፍል ልጆች አሁንም ዋርካ ሥር ነበሩ። እዚህ ውስጥ ሌባ የለም፤ ጉቦም የለም። የጠፋው በሰዓቱ ተነሥቶ «የቆርቆሮው ጉዳይስ?» የሚል አንድ ሰው ነው።

«ተዉ እባካችሁ፤ ካቢኔው የጨረሰውን ምክር ቤቱ ምን ሊያደርገው!» የሚሉን ጓደኞች አሉ። በዶርሙ ክርክር ላይ ይህን ሐሳብ በብርቱ የሚከላከል አንድ ወዳጃችን፣ የወረዳ በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ስለሚሄድ የሚወሰን ነገር የለም ይላል። ከፊሉ እውነት ነው። ከወረዳ ገንዘብ ትልቁ ድርሻ ለደመወዝ ይውላል፣ ከደመወዙም ብዙውን የሚይዙት መምህራን ናቸው። ግን ከደመወዝ የተረፈችው ቁራጭ ናት የሥራ ማስኬጃና የካፒታል በጀት የምትባለው፤ ጠመኔም ቆርቆሮም የውኃ ጉድጓድም ያለው እሷ ውስጥ ነው። ቁራጯ ትንሽ በመሆኗ የሚሻሟት ብዙ ናቸው። ጤናው አለ፣ ግብርናው አለ፣ ውኃው አለ፣ የገጠር መንገዱ አለ። በሽሚያ ላይ ደግሞ የሌለ ሰው ድርሻው ምን እንደሚሆን ገበያ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል።

የሌላውንም አገር ብናይ አይከፋም። በአሜሪካ ወረዳን የሚመስለው እርከን ካውንቲ ይባላል። በቴክሳስ ብቻ 254 ካውንቲዎች ሲኖሩ፣ እያንዳንዱን አንድ ሰብሳቢና አራት ኮሚሽነሮች ያስተዳድሩታል። የጉባዔው ስም «የኮሚሽነሮች ፍርድ ቤት» ነው፤ ሥራው ግን በአብዛኛው ችሎት ሳይሆን በጀት ማጽደቅ፣ የግብር መጣኔ መወሰን፣ መንገድና ድልድይ ማስጠገን ነው። እነሱም ዘንድ ስብሰባው አሰልቺ ነው ቢባል አንጠራጠርም። ልዩነቱ አጀንዳው አስቀድሞ ለሕዝብ እንዲለጠፍ ሕግ ማስገደዱ ነው፤ የፈለገ ሰው መጥቶ በአጀንዳው ላይ ይናገራል። ሀብታቸውን ለመመኘት ሳይሆን አንዲት ወረቀት መለጠፍ ያን ያህል ውድ ነገር አለመሆኗን ለማሳየት ነው ይህን ያነሣነው።

በእኛም አገር ቢሆን ሕጉ አልጎደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን አለበት ይላል። የመረጃ ነፃነትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብትን ደንግጓል። በ1998 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ሥርም ወረዳዎች በጀታቸውንና ወጪያቸውን ተራው ሰው በሚገባው ሰንጠረዥ በአደባባይ እንዲለጥፉ ተሠርቷል። ወረቀቱ የተለጠፈባቸው ቦታዎች አሉ። ግን ስንት ሰው ቆሞ አነበበው? ገበሬው ማንበብ ባይችል፣ አንብቦ የሚያስረዳው ከመምህር ሌላ ማን ሊሆን ነው? በገጠር ቀበሌ ዓምዱን ደምሮ «ይኸ ለእናንተ ትምህርት ቤት ነው፣ ይኸ ደግሞ አይደለም» የሚል ሰው ብዙ አይገኝም።

ይህን ስንል መምህር ሁሉ ፖለቲከኛ ይሁን ማለታችን አይደለም፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው። በየወረዳው ምክር ቤት ተመርጠው የሚቀመጡ መምህራን መኖራቸውን እናውቃለን። የክፍል ሰዓታቸው በስብሰባ እንዳይበላ መጠንቀቅ ያለባቸው እነሱ ናቸው። እኛ የምንለው የወረዳ በጀት ማንበብ ልክ እንደ ትምህርት ዕቅድ አዘገጃጀት የሙያችን አንድ ክፍል ይሁን ነው። ከወላጅ መምህር ኅብረት ጋር ቁጭ ብሎ የትምህርት ቤቱን ጥያቄ ከሐምሌ በፊት፣ በጊዜው፣ በጽሑፍ ማቅረብ የሚችል መምህር ከዚህ ግቢ መውጣት አለበት።

ስለዚህ ለተቋማችን አስተዳደር ሁለት ጥያቄ አለን። አንደኛ፣ የማስተማር ልምምድ ስንወጣ አንድ ቀን ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ተወስደን የበጀቱን መንገድ ባለሙያዎቹ ያስረዱን። ምክር ቤቱ ጉባዔ የሚቀመጥበት ቀን ከገጠመ ደግሞ ከኋላ ወንበር ሆነን እንድናዳምጥ ደብዳቤ ይጻፍልን። ሁለተኛ፣ የሒሳብ መምህሮቻችን በመቶኛ ትምህርት ጊዜ ከመጽሐፉ ምሳሌ ጎን የእውነተኛ ወረዳ በጀት ሠንጠረዥ ቢያስገቡልን ደስ ይለናል፤ መቶኛውም የበለጠ ይገባናል መሰለን።

ለጓደኞቻችን ያለን ጥያቄ ቀላል ነው። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ እያንዳንዳችን በወረዳችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን በጀት እንገልብጥና እናምጣ። ያልተለጠፈ እንደሆነ ገንዘብ ጽሕፈት ቤቱን በትሕትና እንጠይቅ፣ የተሰጠንንም መልስ እንጻፈው። የዝግጅት ክፍሉ የዚህን ሰሌዳ የግራ ጠርዝ ባዶ ሊተውልን ቃል ገብቷል።