በየትኛው በር ገባ?



የዛሬው ጽሑፌ በተለይ በሲያትልና በአካባቢዋ ለምትኖሩ ባለትዳሮች ነው። ሌሎቻችሁም አንብቡት፤ በዚያ ልጅ ወይም ወንድም ያላችሁ ብዙ ናችሁና። ባል ወይም ጎረምሳ ልጅ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ወንዝ መቅዘፍ ይለምዳል። ቅዳሜ በማለዳ ካያኩን መኪናው ላይ አስሮ ይወጣል። ቤት የቀረችው እህት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ትጨነቃለች፤ ማታ ሲመጣም ጭቅጭቅ ይሆናል። እህቴ ሆይ፣ «ለምን ሄድክ?» ከማለትሽ በፊት፣ ገና ሳይወጣ «በየትኛው በር ነው የምትገባው?» ብለሽ ጠይቂው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ካያክ ጠባብ ጀልባ ናት፤ ቀዛፊው ተቀምጦ በሁለቱም ጫፍ በሚቀዝፍ መቅዘፊያ ይነዳታል። በሐይቅ ላይ የሚደረገውን ሽርሽር አይደለም የማወራው። እነዚህ ወንዞች በቋጥኝ መካከል እየተንደረደሩ አረፋ የሚደፍቁ ናቸው። (የእኛም ጥቁር ዓባይ ለዚህ የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከኢትዮጵያ ተነስተው እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር በጀልባ ወርደውታል።) ቀዛፊዎች ወንዙን ከ1 እስከ 6 በደረጃ ይከፍሉታል። 1 ለጀማሪ ነው፤ 5 የብዙ ዓመት ልምድ ላላቸው ብቻ ነው፤ 6ን አብዛኞቹ አይሞክሩትም።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። በምዕራብ ዋሽንግተን ከተራራ ከሚወርዱት ወንዞች ብዙዎቹ የሚደረስባቸው በእንጨት ኩባንያዎች የግል ደን ውስጥ አልፎ ነው። የስኖኳልሚን ወንዝ ተመልከቱ። ወደ መካከለኛው ገባሩ የሚወስደው መንገድ የሕዝብ ነው፤ ወንዙም በ2014 በፌዴራል ሕግ ከለላ ከሚደረግላቸው ወንዞች መካከል ገብቷል። ሰሜናዊው ገባር ግን ረጅም መንገድ የሚሄደው በግል ደን ውስጥ ነው። በ2004 የኪንግ ካውንቲ አስተዳደር በዚያ ደን ወደ 90 ሺህ ኤከር በሚሆን መሬት ላይ የግንባታ መብቱን ገዝቷል። ይህን ሰምተው «መሬቱ የመንግሥት ሆኗል» የሚሉ አሉ። አልሆነም። የተገዛው ቤት የመሥራት መብት ብቻ ነው፤ ዛፉም፣ መንገዱም፣ በሩም የባለቤቱ ነው።

የውሃውና የመሬቱ ሕግ ይለያያል። በወንዙ ላይ ለመንሳፈፍ መብት ያለው ሰው፣ ወንዙ ጋ ለመድረስ የሌላውን መሬት የማቋረጥ መብት አብሮ አያገኝም። ዋሽንግተን በ1967 ባወጣችው ሕግ፣ መሬቱን ለመዝናኛ በነጻ የከፈተ ባለቤት፣ ሆን ብሎ ላላደረሰው ጉዳት እንዳይከሰስ በአብዛኛው ይጠበቃል። ብዙ ደኖች ለዓመታት በነጻ ክፍት የነበሩት አንድም በዚህ ነው። በ2010ዎቹ ግን እንደ ዌየርሃውዘር ያሉ ትልልቅ ኩባንያዎች በአንዳንድ ደኖቻቸው የመግቢያ ፈቃድ በገንዘብ መሸጥ ጀመሩ። ብዙ ሰው ተቆጣ። እኔ በሁለቱም ወገን እውነት ያለ ይመስለኛል፤ ለደመወዝተኛ ቤተሰብ ገንዘቡ ቀላል አይደለም፣ ነገር ግን አሮጌ ሶፋና የተሰበረ ቴሌቪዥን ጫካው ውስጥ የሚጥሉትም እንግዶቹ ናቸው። ቢሆንም «ኩባንያው ሀብታም ነው፣ ምን ይጎዳዋል?» ብሎ በአጥር ሾልኮ መግባት አይገባም። አንዱ ሲሾልክ በሩ የሚቆለፈው በሁሉም ላይ ነው። ፈቃዱ ማንን እንደሚሸፍንም አንብቡ፤ ለቤተሰብ የተገዛ ፈቃድ ጓደኛን ላይጨምር ይችላል።

ከበሩ በኋላ ያለው መንገድ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው። ጠጠር ነው፣ ብዙ ቦታ አንድ መኪና ብቻ ያሳልፋል፤ ከፊት ግንድ የጫነ ከባድ መኪና ቁልቁል ይመጣል። እርሱ ቶሎ መቆም አይችልምና ጥግ ይዞ ማሳለፍ የእናንተ ድርሻ ነው። በደረቁ የበጋ ወራት የእሳት ስጋት ሲበረታ ኩባንያዎች ደኑን ይዘጋሉ፤ ፈቃድ የያዘም ይመለሳል።

ወንዙ በደንብ የሚሞላው ደግሞ በዝናቡ ወራት፣ ከመኸር እስከ ጸደይ ነው። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከፍ ይላል፤ ውሃውም እጅን የሚያደነዝዝ ብርድ አለው። ልምድ ያላቸው ቀዛፊዎች ከድንጋዩ ይልቅ የወደቀ ዛፍ ይፈራሉ። ውሃው በቅርንጫፎቹ መካከል ያልፋል፣ ሰው ግን እዚያው ይያዛል። የመንሳፈፊያ ጃኬትና የራስ ቁር ሳይዝ የሚወጣ ሰው ካለ፣ እህቴ፣ በዚህ ላይ ብትጨቃጨቂው አልፈርድብሽም። ብቻውን የሚሄድም ከሆነ እንደዚያው።

በዚያ ደን ውስጥ በብዙ ቦታ ስልክ አይሠራም። ከ2022 ወዲህ የወጡ አንዳንድ ስልኮች በሳተላይት የእርዳታ ጥሪ ይልካሉ፤ ነገር ግን ገላጣ ሰማይ ይፈልጋሉ፣ የወንዙ ገደል ግን ጠባብ ነው። ስለዚህ ፍለጋውን የምታስጀምረው ቤት ያለችው ሚስት ልትሆን ትችላለች። በዋሽንግተን የጠፋ ሰው ፍለጋ የካውንቲው ሸሪፍ ኃላፊነት ነው፤ 911 ስትደውሉ የሚጠየቀው የት እንደገባ ነው። «ወንዝ ሄዷል» ማለት ብቻ ብዙ አይረዳም። ደኑ ሰፊ ነው፣ በሮቹም ብዙ ናቸው።

እንግዲህ ከመውጣቱ በፊት በወረቀት ይጻፍ። የወንዙ ስም፣ የገባበት በርና የመንገዱ ቁጥር፣ ጀልባው የሚወርድበትና የሚወጣበት ቦታ፣ የሁለቱ መኪናዎች ሰሌዳ (አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች ይቆማልና)፣ አብረውት ያሉት ሰዎች ስልክ፣ የጀልባው ቀለም። የመመለሻው ሰዓት፣ እንዲሁም ከየትኛው ሰዓት በኋላ እንደሚደወል ይቆረጥ። በአበሻ ሰዓት ይሁን በፈረንጅ ሰዓት አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ «2 ሰዓት» ሁለት ትርጉም አለው። በሩ ማታ የሚቆለፍ ከሆነ እርሱም ይጻፍ። ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት።

ደረቅ ልብስና በፔርሙስ የተሞላ ትኩስ ሻይ ደግሞ ታች በሚቆመው መኪና ውስጥ ይሁን፤ ላይ በሚቀረው አይደለም።