ማለስለሻው «ተበላሸ» ከመባሉ በፊት

በመቀሌ ወይም በድሬዳዋ የኖረ ሰው የማንቆርቆሪያውን ክዳን ከፍቶ ወደ ውስጥ ቢመለከት፣ የአካባቢውን የኖራ ድንጋይ እዚያው ያገኘዋል። የዝናብ ውሃ በአፈር ውስጥ ሲሰርግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይወርዳል፤ በዚህም ድንጋዩን እያሟሟ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይሸከማል። ውሃው ሲፈላ ጋዙ ያመልጣል፣ የሟሟው ኖራም ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ጠንካራ ውሃ የሚባለው ይኸው ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ ከ180 ሚሊግራም በላይ የያዘ ውሃ እጅግ ጠንካራ ተብሎ ይመደባል። ጉዳቱ በአብዛኛው በኪስ ላይ ነው፤ ሳሙና ያባክናል፣ የቦይለሩንም ማሞቂያ በቅርፊት ሸፍኖ ያቃጥላል።

ከዚህ ለመገላገል በቤታቸው የውሃ ማለስለሻ ያስተከሉ ቤተሰቦች አሉ። እኛን ያሳሰበን መሣሪያው ሥራ አቆመ በተባለ ጊዜ የሚሆነው ነገር ነው። ጠጋኙ ይመጣል፤ ከኪሱ እስክርቢቶ የምታክል መለኪያ አውጥቶ መጀመሪያ ወደ መሣሪያው በሚገባው፣ ቀጥሎም ከመሣሪያው በሚወጣው ውሃ ውስጥ ይነክራል። ሁለቱ ቁጥሮች ተቀራራቢ መሆናቸውን አሳይቶም «ሬዚኑ ሞቷል» ሲል ይፈርዳል። ቤተሰቡም ለአዲስ ሬዚን ይከፍላል።

ይህ ፍርድ ከመሠረቱ ስሕተት ነው። ማለስለሻ የሟሟውን ነገር ከውሃው አያወጣም፤ ይለውጠዋል። በጋኑ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የሬዚን ፍሬዎች ሶዲየም ይዘው ይጠብቃሉ፤ አንድ የካልሲየም አዮን ሲደርስ ይይዙትና በምትኩ ሁለት የሶዲየም አዮኖችን ይለቃሉ። የኤሌክትሪክ ቻርጁ ሒሳብ እኩል ነው። ያቺ የኪስ መለኪያ ደግሞ የምትለካው ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን ሲሆን፣ ቻርጁን የተሸከመው ካልሲየም ይሁን ሶዲየም ለይታ አታውቅም። በመሆኑም ማለስለሻው ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ሳለ ቁጥሯ እምብዛም አይለወጥም።

መጠየቅ ያለበት ጥንካሬው ስንት እንደሆነ ነው። ለዚህ በጠብታ የሚሠራ መመርመሪያ አለ፤ እርሱ ባይገኝ ሳሙና ይበቃል። ጥቂት የልብስ ሳሙና ፈቅፍቆ በዝናብ ውሃ ማሟሟት፤ ከዚያም በሁለት ተመሳሳይ ጠርሙሶች ውስጥ ወደ ማለስለሻው ከሚገባውና ከሚወጣው ውሃ እኩል መጠን ማድረግ፤ የሳሙናውን ውሃ በጠብታ እየቆጠሩ መጨመርና መናጥ ነው። አረፋው ሳይጠፋ እስኪቆይ ድረስ ሁለቱም እኩል ጠብታ ከፈጁ መሣሪያው እያለሰለሰ አይደለም፤ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ግን እየሠራ ነው። (የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ለዚህ አይሆንም፤ በጠንካራ ውሃም አረፋ ይሰጣልና።)

አለመሥራቱ ቢረጋገጥ እንኳ ሬዚኑ መጠርጠር ያለበት በመጨረሻ ነው። በአግባቡ ከተያዘ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊያገለግል ይችላል። አስቀድሞ ሒሳቡ ይታይ። አንድ ሊትር ሬዚን በሁለት እድሳት መካከል 50 ግራም ያህል ጥንካሬ ይይዛል ብንል፣ 25 ሊትር ሬዚን 1,250 ግራም ይይዛል። የውሃው ጥንካሬ በሊትር 400 ሚሊግራም ከሆነ ይህ ለ3,125 ሊትር ይበቃል፤ በቀን 500 ሊትር ለሚጠቀም ቤት 6 ቀን ነው። እድሳቱን በየ12 ቀኑ እንዲሆን ያደረገ ቤተሰብ ግማሹን ጊዜ ጠንካራ ውሃ ያገኛል፤ መሣሪያው ግን አልተበላሸም።

ቀጥሎ የጨው በርሜሉ ይከፈት። ሬዚኑ የሚታደሰው በጨው ውሃ ነውና፣ ጨው ለሳምንታት ካልቀነሰ እድሳት አልተደረገም ማለት ነው። አንዳንድ ጊዜ ጨው ከላይ ተጋግሮ እንደ ጣሪያ ይቆምና ከሥሩ ባዶ ይሆናል፤ በእንጨት መስበር ነው። ያልተጣራ ጨው ከሆነ ደግሞ አሸዋው የጨው ውሃ መምጠጫዋን ጠባብ ቀዳዳ ይደፍናል። ይህች ቀዳዳ የፊዚክስ መምህርን ደስ የምታሰኝ ናት፤ ያለ ሞተር፣ ውሃ በጠባብ መንገድ ሲፈጥን ግፊቱ በመቀነሱ ብቻ ጨዋማውን ውሃ ትስባለች። ይህ እንዲሆን ግን በቂ የመግቢያ ግፊት ያስፈልጋል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከ1.5 እስከ 2 ባር ይሻሉ፤ ከመሣሪያው 5 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው ግን ግማሽ ባር ብቻ ነው። ያለ ፓምፕ ከሮቶ ጋር የተገናኘ ማለስለሻ ሬዚኑ ዐሥር ጊዜ ቢቀየርለትም አይታደስም።

ለትምህርት በቆየንበት አገር የዚህ መሣሪያ መመሪያ ሲጻፍ ውሃና መብራት ሌሊቱን ሙሉ እንደሚኖሩ ታስቦ ነው። በእኛ ዘንድ እድሳቱ ውሃ በፈረቃ በጠፋበት ሌሊት ላይ ሊውል ይችላል፤ መብራት ሲቋረጥም የአንዳንዶቹ ሰዓት ይዛባል። ሌላም አለ። የእድሳቱ ጊዜ በብዙዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ከሌሊቱ 2:00 ላይ፣ ማለትም በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተደርጎ ይመጣል፤ በእድሳት ጊዜ ጠንካራው ውሃ ሳይለሰልስ ስለሚያልፍ ቤተሰቡ ተኝቶ ሳለ እንዲያልቅ ነው። ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሞላው ሰው ቤት ግን እድሳቱ የሚጀምረው ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ሰው ሁሉ በሚታጠብበት ጊዜ ይሆናል።

ከመሣሪያው የማይጠበቀውንም ማወቅ ይገባል። ጥንካሬው በሊትር 400 ሚሊግራም የነበረ ውሃ ሲለሰልስ 184 ሚሊግራም ያህል ሶዲየም ይጨመርበታል፤ ጨው እንዲቀንስ በሐኪም የታዘዘ ሰው የሚጠጣበት ቧንቧ ከማለስለሻው በፊት ሊቀጠል ይገባል። በስምጥ ሸለቆ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ይህ ሬዚን ፍሎራይድን ፈጽሞ አይዝም፤ ለዚያ ብሎ የሚሸጠው ሰው ደንበኛውን ለአደጋ ያጋልጣል።

ስለዚህ የመግቢያውና የመውጫው ጥንካሬ በወረቀት ላይ ሳይሰፍር ማንም ለሬዚን ገንዘብ እንዳይከፍል እንመክራለን። ጠንካራ ውሃ ባለባቸው ከተሞች የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች የኬሚስትሪ ክፍሎችም በወር አንድ ቀን ነዋሪው በጠርሙስ ያመጣውን ውሃ ተቀብለው ቢለኩለት አግባብ ነው እንላለን። ቢዩረቱና ኢዲቲኤው በመደርደሪያቸው ላይ አለ፤ ለአንድ ጠርሙስ ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ ለተማሪዎቹም ከተለመደው የቤተ ሙከራ ናሙና ይልቅ የጎረቤታቸውን ቧንቧ ውሃ መለካት የሚጠሉት ሥራ አይሆንም።