ውስኪ ሲቀመም ሥልጣኔ፣ አረቄ ሲቀመም ኋላ ቀርነት?

ነሐሴ ውስጥ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት አንድ ምሽት፣ ኑሮ የደላው የተማሪ ቤት ጓደኛዬ ቦሌ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ መጠጥ ቤት ይዞኝ ሄደ። አስተናጋጁ በትሪ ያመጣልን ተራ ውስኪ አልነበረም፤ ሙቅ ውሃ፣ ማርና ሎሚ የገባበት፣ ከላዩም አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል የተሰካበት ውስኪ ነው። ጓደኛዬ አሸተተና ዓይኑን ጨፍኖ፣ «የብርድ መድኃኒት ይኸ ነው! ኮክቴል ማለት እንዲህ ነው!» አለኝ። እኔም ጠጣሁ። ይጣፍጣል፤ አልዋሽም። ሂሳቡ ሲመጣ ግን በዚያ ገንዘብ ስንት እቅፍ የጥብስ ቅጠል እንደሚገዛ በልቤ አሰላሁ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ። «በእኛ አገር እኮ ጦስኝ በአረቄ ይነከራል» ብዬ ጨዋታ ብጀምር፣ ሰውዬው በሳቅ ፈነዳ። «ተው እንጂ! እሱ የአረቄ ቤት ነገር ነው፤ ኋላ ቀርነት ነው» አለኝ። ይህን ያለኝ የጥብስ ቅጠሉን ከጥርሱ መሐል እያወጣ ነው።

አንባቢ ይፍረደኝ። እኔን ያስተማረችኝ እናቴ አረቄ አውጥታ ነው። ደብረ ሲና ግድም፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ቀበሌ፣ ጌሾና ብቅል ስትጠነስስ፣ እሳት ስታነድ፣ እንፋሎቱ በመቃው አልፎ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከተቀመጠው ዕቃ ጠብ ጠብ ሲል ሌሊቱን ስትጠብቅ አይቻለሁ። አረቄ የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ላብ ማለት ነው። ጠብታው ላብ ስለሚመስል ነው ይላሉ፤ እኔ ግን የእናቴን ላብ ነው የማስበው። ተራውንና ዳግሙን ለይታ፣ ለብርድ የሚፈልገው ሰው ሲመጣ ጦስኝ የተነከረበትን ከጓዳ ታወጣለች። ቀን ሲያንኳስሷት የዋሉት ሰዎች ማታ ደጃፏን ያንኳኳሉ። «የአረቄ ሻጭ ልጅ» የሚለው ስድብ እስከ ጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬ ድረስ ተከትሎኛል። ዲፕሎማው የተገዛውም በዚያው በአረቄው ነው።

እንግዲህ ጓደኛዬ የሚያመልከው ውስኪ ከየት መጣ? በስኮትላንድ ስለ መጠጡ የሚገኘው የታወቀ ጥንታዊ ጽሑፍ፣ በፈረንጆች 1494 በንጉሡ መዝገብ ላይ የሠፈረ፣ ለአንድ መነኩሴ «የሕይወት ውሃ» ማውጫ የተሰጠ ብቅል ነው። ብቅል! የእናቴ ብቅል! ውስኪ የሚለው ስምም ከዚያ አገር ቋንቋ «የሕይወት ውሃ» ከሚለው ሐረግ የወጣ ነው። ያን ጊዜ በበርሜል ሦስት ዓመት ማስረጀት የሚባል ሕግ አልነበረም። በኋለኞቹ መቶ ዓመታትም ቅጠሉና ቅመሙ እየተነከረበት በመድኃኒትነት ይጠጣ ነበር። ስኮትላንዳዊው የገበሬ አረቄውን አላፈረበትም፤ ሕግ አወጣለት፣ በርሜል ሠራለት፣ ለዓለም ሸጠው። እኛ የጎጃሙን የግብጦ አረቄ ይዘን እንስቃለን።

«አረቄ ዓይን ያጠፋል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት አለበት፤ ሜታኖል ያሳውራል፣ ይገድላልም። ነገር ግን ይህ የመንደር አረቄ ብቻ ጉድ አይደለም። በፈረንጆች 2012 ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ሜታኖል የተቀላቀለበት መጠጥ በየሱቁ ተሽጦ በርካታ ሰው ሞቷል፤ መንግሥትም ከ20 በመቶ በላይ አልኮል ያለውን መጠጥ ሁሉ ለጊዜው እንዳይሸጥ እስከ መከልከል ደርሷል። መፍትሔው መመርመርና ማስተማር ነው እንጂ አውጪዋን መስደብ አይደለም።

ለእኔም ወገን የማይጥም ነገር ልናገር። ውስኪም ሆነ አረቄ ብርድ አያወጣም። አልኮል በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ሙቀት ይሰማናል፤ የሰውነታችን ሙቀት ግን በዚያው እየወጣ ይሄዳል። ጠጥቶ ብርድ ላይ የተኛ ሰው የሚጎዳው ለዚህ ነው። ስለዚህ የምንጠጣው ለጣዕሙና ለጨዋታው ከሆነ፣ ለጣዕሙና ለጨዋታው ነው እንበል፤ መድኃኒት ነው እያልን አንዋሽ። ለጨዋታው ከሆነ ደግሞ ከቤት የተሻለ ቦታ የለም።

እኔ ቤቴ የማደርገውን ልንገራችሁ። ውድ ውስኪ አልገዛም፤ ቅጠል ለሚነከርበት መጠጥ ያረጀ ውስኪ ማባከን ነው። በግማሽ ሊትር ላይ አንድ ጭብጥ የደረቀ ጦስኝ እጨምርና ከማታ እስከ ጠዋት ከድኜ አሳድራለሁ። ከዚያ በላይ ከቆየ ይመራል፤ ጠንካራ መጠጥ የቅጠሉን ዘይት ፈጥኖ ነው የሚመጠው። በንጹሕ ነጠላ አጠለዋለሁ። ሲመሽ አንድ መለኪያ በብርጭቆ፣ ሦስት መለኪያ ሙቅ ውሃ፣ አንድ ማንኪያ ማር፣ ትንሽ የሎሚ ጭማቂ። ውሃው የፈላ እንዳይሆን፤ የፈላ ከሆነ አልኮሉ ተንኖ አፍንጫችሁን ይመታዋል። ዝንጅብል የሚወድ ዝንጅብሉን ከውሃው ጋር አስቀድሞ ያፍላ። ጤናዳም ከሆነ ግን አንድ ዘለላ፣ ያውም ለግማሽ ሰዓት ብቻ፤ ሽታው ኃይለኛ ነው። ነፍሰ ጡር ከጤናዳምም ከመጠጡም ትራቅ። ኮሶውን ለኮሶ ተዉት፤ ሲበዛ መርዝ ነው።

ጦስኙን እኮ ፈረንጅ አገር ድረስ ሄዶ መፈለግ አያስፈልግም። በጣርማ በርና በባሌ ተራሮች ላይ ከሚበቅሉት አንዱ ዓይነት ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም። የቦሌው መጠጥ ቤት ግን ጦስኝ አለ ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ አስተናጋጁ ምን እንደሆነ እንኳ አላወቀውም።

እናቴ ዛሬ አረቄ ማውጣት ትታለች፤ ዓይኗ ጭሱን አልቻለም። ለመስቀል ስትመጣ ያን የነከርኩትን ውስኪ በመለኪያ ቀዳሁላት። አሸተተችው፣ ቀመሰችው፣ መልሳ አሸተተችው።

«ጦስኙስ ጥሩ ነው» አለች፤ «ተራ ነው እንጂ አረቄው። ዳግም አጥተህ ነው ልጄ?»